ገጥሟል የተባለው ራም

ሃአፓይ፣ ጁላይ 28 ቀን 2003

ለወንድሜ ለኪቲዮኔ፣

ለዚህች ቀን ያበቃን አምላክ ይመስገን፤ አንተንም በሰው አገር ከጤናና ከሥራ አያጉድልህ። እኛ ደኅና ነን። የቦዬው ምርት ዘንድሮ ከአምናው የተሻለ ወጥቷል። አውሎ ነፋሱ የገለጠው የቤተ ክርስቲያኑ ጣራም ተከድኗል።

ላቪኒያ ደኅና ናት። በቁመት በልጣኛለች። እናቷ ሞታ፣ አንተም ወደ አውስትራሊያ፣ ሚልዱራ ስትሄድ ወደብ ላይ እጄን ይዛ የቀረችው ልጅ ዘንድሮ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ናት። እቤት አክስቷ፣ ትምህርት ቤት መምህሯ ስለሆንኩ "ይህች ልጅ ሁለት ጊዜ ትፈራለች" ይላሉ። እኔ እስካሁን አንድ ጊዜም ስትፈራኝ አላየሁም።

ያስቸገርኩህ ስለ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ነው። ከኒውዚላንድ የተሰጠን አሮጌው፣ ያው አንዱ ብቻ ነው ያለን። አሥራ አንዱ ተማሪዎቼ የዓመት ሥራቸውን የሠሩት በየተራ እሱ ላይ ተቀምጠው ነው። ከውጤታቸው ግማሹ ይህ ሥራ ነው። ታትሞ እስከ ኖቬምበር 21 ድረስ ዋና ከተማው ኑኩአሎፋ፣ ፈተና መሥሪያ ቤቱ መድረስ አለበት። ያልደረሰለት ልጅ ዓመቱን ይደግማል። ልመና የሚሰሙ ሰዎች አይደሉም፤ አምና ከሌላ ደሴት በሁለት ቀን የዘገዩትን መልሰዋቸዋል።

ላቪኒያ የሠራችው ስለ ጉድጓድ ውኃችን ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ በየሳምንቱ የሰባቱን ጉድጓዶች ጥልቀት እየለካች፣ የባሕሩ ጨው የት የት እንደገባ በፎቶና በሠንጠረዥ አስቀምጣለች። ጥሩ ሥራ ነው። የወንድሜ ልጅ ስለሆነች አይደለም እንዲህ የምለው።

ችግሩ፣ ፎቶ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ግማሽ ድረስ ስቦ ይቆማል፤ ማሽኑም አብሮት ይደርቃል። እንዲህ እየተቋረጠ አንዱን ሥራ ለማተም ቀን ሙሉ ይፈጃል። በፍሎፒ ዲስክ እንዳንወስደው ለፎቶዎቹ አይበቃም። በጁን ከዋናው ደሴት የመጣ ባለሙያ ኬዙን፣ የብረት ሣጥኑን፣ ከፍቶ አየና "ራሙ ትንሽ ነው። ሦስት መሰኪያ አለው፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ጨምሩበት" አለ። "ከየት አምጥተን?" አልኩት። "እሱን እንግዲህ እናንተ" ብሎ በመጣበት መርከብ ተመለሰ።

አንተ የምትሠራው በኮምፒውተር መሆኑን ደሴቱ ሁሉ ያውቃል። የማይከብድህ ከሆነ አንድ ራም ብትልክልን። ከከበደህ ደግሞ ይህን እንዳልጻፍኩ ቁጠረው።

በጸሎታችን አለህ።

እህትህ ካሎላይኔ


ሚልዱራ፣ ኦገስት 14 ቀን 2003

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ካሎላይኔ፣

የእርስዎና የልጄ ጤና ይብዛ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችም በያሉበት ይጠበቁ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ብርዱ እየለቀቀ ነው።

የጠየቁኝ ነገር ቀላል ነው። እንዲህ ያለው የዕለት ሥራዬ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ራም ልኬልዎታለሁ። 256 ሜጋባይት ነው፤ የድሮውን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከሱቅ የገዛሁት ነው። በራሴ ማሽን ላይ ሞክሬው በደንብ ሠርቷል።

አገባቡን ልጻፍልዎት። ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ይነቀል። የኬዙ ጎን በካቻቢቴ ይከፈት። የሚነካው ሰው መጀመሪያ የኬዙን ብረት በእጁ ይንካ፤ በሰው ገላ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ራም ያቃጥላል። የድሮው፣ ግራና ቀኝ ያሉት ነጫጭ መያዣዎች ወደ ውጭ ሲገፉ ራሱ ብድግ ይላል። አዲሱ ትልቅ ስለሆነ በመጀመሪያው መሰኪያ ይግባ፤ የድሮው ወደ ሁለተኛው ይዛወር። በራሙ እግር ላይ ያለው ክፍተት በመሰኪያው ውስጥ ካለው ጥርስ ጋር ሲገጥም በሁለት አውራ ጣት ወደ ታች ይጫን። መያዣዎቹ ቀጭ ብለው ይዘጋሉ። ሌላ ነገር የለውም።

ከጻፍኩት ውጭ ግን ማንም ምንም እንዳይነካ አደራ እላለሁ። እንደ ጀልባ ሞተር እንዳይፈታቱት።

ለላቪኒያ፣ አባትሽ በሥራሽ ይኮራል ይበሉልኝ።

ታዛዥ ወንድምዎ ኪቲዮኔ


ሃአፓይ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2003

ለወንድሜ ለኪቲዮኔ፣

እጅህ ይባረክ፤ የሰጠኸው በሌላ በር ሞልቶ ይመለስልህ።

ስጦታህ በደኅና ገብቷል። ያሸግክበትን ሳጥን የከፈትኩት በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ነው። ጠረጴዛው ላይ ጥሩውን ምንጣፋችንን አንጥፌ፣ ራሙን በላዩ አስቀምጬ "ወንድሜ ከአውስትራሊያ የላከው ነው" አልኳቸው። ልጆቹ ተሰልፈው አዩት። ርእሰ መምህሩ ጸሎት አደረጉበት። አንተንም በስም ጠርተው መረቁህ።

ኬዙን የከፈተው ቫኢንጋ ነው። የጀልባ ሞተር ጠጋኙ፤ ታስታውሰዋለህ። በደሴቱ ላይ ከእሱ በቀር ሙሉ ካቻቢቴ ያለው ሰው የለም። ላቪኒያ ደብዳቤህን ጮክ ብላ እያነበበችለት ነው የሠራው። ስለ ጀልባ ሞተር የጻፍከው ጋ ስትደርስ፣

"ይሄ ስለኔ ነው?" አላት።

"ሌላ ሞተር የሚፈታ አለ እንዴ?"

"አውስትራሊያ ድረስ ታውቄያለሁ በያ" ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ራሙ ገጥሟል። ቫኢንጋ ትንሽ አስተካክሎ አስገባው።

ስናበራው ግን ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከውስጡ ረዥም ጢጥታ ይሰማል፤ ያርፍና እንደገና ጢጥ ይላል። ያጎደልነው ነገር እንዳለ ይገባኛል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ምን እናድርግ?

እህትህ ካሎላይኔ


ሚልዱራ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2003

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ካሎላይኔ፣

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ። ርእሰ መምህሩ በስሜ ላደረጉት ጸሎት ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ጥፋቱ የእርስዎ ሊሆን አይችልም። ረዥም ጢጥታ ማለት ማሽኑ ራሙን ፈልጎ አላገኘውም ማለት ነው። ራሙ ደኅና ነው፤ እኔ ዘንድ ሲሠራ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ያለው በሚያስገባው ሰው እጅ ላይ ነው።

እንዲህ ይደረግ። ሁለቱም ራሞች ይውጡ። የእግራቸው ወርቃማ ጥርሶች በንጹሕ ላጲስ ይታሹ፤ የባሕር አየር ያዝገዋል። ፍርፋሪው በአፍ እንዳይነፋ፤ ምራቅ ይጎዳዋል። በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ። ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ወጥታ አምስት ደቂቃ ትቆይና ትመለስ። ከዚያ አዲሱ እንደገና በመጀመሪያው መሰኪያ ይግባ፤ ሁለቱም መያዣዎች እኩል መዘጋታቸው ይታይ። እምቢ ካለ አዲሱ ይውጣና የድሮው ብቻውን በመጀመሪያው መሰኪያ ይመለስ። ጢጥታው ስንት ጊዜ እንደሆነ ይቆጠር።

ሌላ ምንም አይነካ። ይህን ደግሜ የምጽፈው ቫኢንጋን ስለማውቀው ነው። ድሮ እዚያ ሳለሁ የአጎታችንን ሞተር ሲገጥም ሦስት ብሎን ተርፎት "ፋብሪካው ነው አብዝቶ ያስገባው" ያለ ሰው ነው።

ላቪኒያ አትጨነቅ ይበሏት። ጊዜ አለ።

ታዛዥ ወንድምዎ ኪቲዮኔ


ሃአፓይ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2003

ለወንድሜ ለኪቲዮኔ፣

የዘመን ባለቤት ቀንህን ያሳምርልህ። ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰ።

ያልከውን ሁሉ ባልከው ተራ አድርገናል። በላጲስ አሽተናል። በአፋችን አልነፋንበትም። ክቧን ባትሪ አውጥተን አንተ አምስት ደቂቃ ብትል እኛ አሥር ጠብቀናል። መያዣዎቹ ቀጭ ብለው ሲዘጉ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቻለሁ። ጢጥታው ግን ያው ነው። ቁጠሩ ላልከው፣ አንድ ረዥም፣ እረፍት፣ አንድ ረዥም፣ እረፍት፣ ኤሌክትሪኩ እስኪነቀል ድረስ።

ከዚያ አዲሱን አውጥተን የድሮውን ብቻውን መለስነው። እሱ በጁላይ የሚሠራ ነበር። አሁን እሱም ጢጥ ይላል።

ወንድሜ፣ በጁላይ ፎቶ ማተም የሚያቅተው ማሽን ነበረን። ዛሬ ምንም ማሽን የለንም። የአሥራ አንድ ልጆች ዓመት ከጥቁር ስክሪን ጀርባ ተቆልፎበታል።

ቫኢንጋ "መምህርት፣ ሌሎቹን መሰኪያዎች እንሞክራቸው እንጂ። ባዶ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ?" አለኝ።

"ወንድሜ ያልጻፈውን አንነካም" አልኩት።

"ወንድምዎ እኮ እዚህ የለም።"

"ቃሉ አለ።"

"እሺ፤ ቃሉ ጢጥ ይላላ እንግዲህ" ብሎ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። በር ላይ ሲደርስ ደግሞ ዞሮ "ዝም የሚለው እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድ ደግሞ እኛም አንነካውም" አለ። ልጆቹ ሳቁ። ላቪኒያ አልሳቀችም።

ትናንት ጎደሬ እየላጥን ሳለ "አክስቴ፣ አባቴ ሲሠራ በዓይኑ አይቶታል?" አለችኝ።

"አይቶታል። ጽፏል" አልኳት።

"መጻፉንማ እኔ ነኝ ያነበብኩት" አለች። ጎደሬውን መላጧን ቀጠለች።

ልደውል ብለህ እንዳታስብ። ስልኩ ዳቦ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ወንድምና እህት የሚነጋገሩት ለዳቦ ሰልፍ የሚሰማ አይደለም።

ሰባት ሳምንት ቀርቷል።

እህትህ ካሎላይኔ


ሚልዱራ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2003

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ካሎላይኔ፣

አምላክ ብርታት ይስጥዎ። ዛሬ ነገሬን አሳጥራለሁ፤ ፖስታው ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ነው።

ሌስ የሚባል ጎረቤት አለኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር እየጠገነ የሚውል ሽማግሌ ነው። ደብዳቤዎን ተርጉሜ አነበብኩለት።

"ቦርዱ ምን ዓይነት ነው?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ዘመኑስ?"

"አሮጌ ነው።"

"እኔም አሮጌ ነኝ። የድሮው ራም እግሩ ላይ ስንት ክፍተት አለው?"

"አልጠየቅኩም።"

"እንግዲያው በሩን ሳታይ ቁልፍ በፖስታ ልከሃል" አለኝ።

አሁን የሚለው ይህን ነው። ሁለቱም ራሞች በነጭ ወረቀት ላይ ይጋደሙና ዙሪያቸው በቀጭን እርሳስ ይነደፍ፤ በእግራቸው ላይ ያለ ክፍተት አንድም ሳይቀር። እንዲያምር ተብሎ እንዳይታረም። እንዳለ ይሁን። ወረቀቱ እስኪደርሰኝ ማንም ማሽኑን እንዳያበራ።

እትዬ፣ ያልነገሩኝ ነገር ካለ ሥዕሉ ላይ ይሁን። ደብዳቤው ላይ ባይጻፍም ግድ የለም።

ታዛዥ ወንድምዎ ኪቲዮኔ


ሃአፓይ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 2003

ለወንድሜ ለኪቲዮኔ፣

የአምላክ ቸርነት ከአንተ ጋር ይሁን።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። እርሳሱን የያዘችው ላቪኒያ ናት፤ እጇ ከእጄ ይጸናል። ላይኛው የድሮው ነው። እግሩ ላይ ሁለት ክፍተት አለው። ታችኛው አንተ የላክኸው ነው። ሦስት ክፍተት ታያለህ። መካከል አካባቢ ያለው አብሮት የመጣ ነው። ሁለቱ እዚህ የተሞረዱ ናቸው።

ሥዕሉ ላይ ይሁን ብለኸኛልና እዚህ ላይ ባቆም በወደድኩ። ግን ሥዕል የማይናገረው አለ።

ያን ቀን ራሙ መሰኪያው ላይ ሲቀመጥ አልወረደም። ቫኢንጋ አዙሮ ሞከረው፣ አልወረደም። አገላብጦ አየውና "መምህርት፣ ይሄ የዚህ አይደለም" አለኝ። ልጆቹ ከበውናል። ርእሰ መምህሩ ጸሎታቸውን ጨርሰው ገና አሜን እንዳልን ነው።

"ወንድሜ የላከው ነው" አልኩት።

"የላከውስ እሱ ይሁን። ጥርሱ አይገጥምም ነው የምለው።"

"እንግዲያው እንዲገጥም አድርገው።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ጀልባው ድረስ ሄዶ ሞረድ ይዞ መጣ፤ መንጠቆ የሚስልበትን። ሲሞርደው ወርቃማው ጥርስ እየተነሣ ምንጣፉ ላይ ረገፈ። በእጄ ጠርጌ ኪሴ ከተትኩት። ሲገባም በጉልበት ነው የገባው፤ መሰኪያው ሲንቋቋ ሰምቻለሁ።

እናቶቻችን የእህትማማች ልጆች ናቸው፤ በእኛ ወግ እህትና ወንድም ነን፤ ያደግነውም በአንድ ግቢ ነው። ወንድም የላከው "አይሆንም" እንደማይባል አንተም ታውቃለህ። ጠባብ ጫማ ብትልክልኝ ጣቴን አጥፌ እሄድበታለሁ እንጂ ጠበበኝ አልልህም። በራሴ እግር ሲሆን ይቻላል። አሁን ግን ያስጫማሁት አሥራ አንድ ልጆችን ነው። ገጥሟል ብዬ የጻፍኩልህ ሐሰት ነው።

ላቪኒያ ያን ቀን አጠገቤ ቆማ ነበር። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ትናንት ስትነድፍ ብቻ፣ የተሞረደው ጋ ስትደርስ እርሳሷን አንሥታ አየችኝ። "ንደፊው" አልኳት። ነደፈችው።

የእኔን ጨርሻለሁ። የአንተም ካለ አሁን ይምጣ። ሃያ አምስት ቀን ቀርቷል።

እህትህ ካሎላይኔ


ሚልዱራ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2003

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ካሎላይኔ፣

አምላክ የልብዎን ድካም ያሳርፍልዎ።

ሥዕሉን ለሌስ አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና መሳቁን ተወ።

"ይሄን የሞረደው ማነው?"

"የጀልባ ሞተር ጠጋኝ።"

"እጁ ጥሩ ነው። ለማይሆን ነገር እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው አይቼ አላውቅም።" ቀጥሎ "አንተስ ይሄን ራም ከየት አመጣኸው?" አለኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለእርስዎም ልንገርዎት።

ራሙን ከሱቅ አልገዛሁትም። ከወይን መጋዘናችን ቢሮ ጀርባ ከተጣለ ማሽን ያወጣሁት ነው። በራሴ ማሽንም አልሞከርኩትም፤ ማሽን የለኝም። ርዝመቱ ከሌላው ራም ጋር እኩል ነው ስላሉኝ ይሆናል አልኩ። አገባቡንም የነገረኝ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው። ሥራዬ በኮምፒውተር ነው ያልኩት ይህ ነው፦ የወይን ካርቶን ሚዛን ላይ ሲወጣ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፤ ሲወርድ ሌላውን እጫናለሁ። ስድስት ዓመት የሠራሁት እሱን ነው።

"አልችልም" ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እህት ጠይቃው ወንድም አልችልም አይልም፤ እኔም ያደግኩት በዚያው ግቢ ነው። ለላቪኒያ መንገሩን አለመንገሩን ለእርስዎ ትቻለሁ።

የሚደረገውን በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ሌስ እየተናገረ እኔ የጻፍኩት ነው። ባጭሩ፣ የተሞረደው ራም የመጀመሪያውን መሰኪያ ቀጫጭን ሽቦዎች ሳያጣምም አልቀረም። የድሮው ራም እምቢ ያለው ለዚያ ነው። ያ መሰኪያ ዳግም አይነካ። የድሮው ብቻውን በሦስተኛው ይግባና ይብራ። ቫኢንጋ ሌሎቹን እንሞክር ያለው ልክ ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ከተነሣ አዲሱ በሁለተኛው ይጨመር።

ከዚህ ጋር የላክሁት አዲሱ 128 ነው። ሁለት ክፍተት አለው። በላቪኒያ ሥዕል ላይ አስተኝተን ለክተነዋል፤ በልክ ተኝቷል። ሌስ ጋራዥ ውስጥ በዚያው ዘመን ማሽን ላይ ተሰክቶ ሁለት ቀን ሲሠራ አይቻለሁ። ይህኛው ተሞክሯል።

ኪቲዮኔ


ሃአፓይ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2003

ለወንድሜ ለኪቲዮኔ፣

ጤናህ ይጠበቅ።

ፖስታህ የደረሰው ባለፈው ማክሰኞ፣ በ18 ነው። መርከቧ ጠዋት ገባች፤ እኩለ ቀን ላይ ትመለሳለች። ቀጣይዋ የምትመጣው በ25 ስለሆነ፣ ለ21 የምትደርሰው ያቺ ብቻ ነበረች። ፖስታውን ወደቡ ላይ ቀደድኩት። ሁለቱንም ወረቀት መንገድ ላይ እያነበብኩ ትምህርት ቤት ደረስኩና ሁለቱንም ለላቪኒያ ሰጠኋት። ልደብቃት አልፈለግኩም። ቆማ አነበበች። የመጀመሪያውን፣ ደብዳቤህን፣ አጥፋ መለሰችልኝ፤ ሁለተኛውን ለቫኢንጋ ማንበብ ጀመረች።

የድሮው ራም በሦስተኛው መሰኪያ ሲገባ ማሽኑ አንድ አጭር ጢጥታ አሰምቶ ተነሣ። የልጆቹ ሥራ ሁሉ ነበር፤ አንድም አልጠፋም። ቫኢንጋ ወዲያው አዲሱን ከላስቲኩ አወጣ።

"አስቀምጠው" አልኩት።

"መምህርት፣ ይሄ እኮ በራሱ ይገባል። ሞረድ አይፈልግም።"

"አስቀምጠው አልኩህ። በድሮው አንድ አንድ ገጽ እያልን እናትማለን።"

"በድሮው አይደርስም" አለችኝ ላቪኒያ። "ሰዓቱን እይው አክስቴ። አዲሱን እንሞክረው። አባቴ ተሞክሯል ብሏል።"

"ያኔም ብሎ ነበር" አልኳት።

ማሽኑ ተነሥቷል፤ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ። እንደገና አጥፍቼው፣ እንደገና ከፍቼው፣ እንደገና ጢጥ ቢል ከአሥራ አንዱ አንዱንም አላደርስም። ይህን አሰብኩ። ላቪኒያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ተራውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሟን መጨረሻ ላይ ጻፍኩ። የመምህሯ ዘመድ ከሰው ልጅ ቀድማ ብትታተም ነገ ክፍል ውስጥ የምቆምበት እግር የለኝም። በአገራችን ደንብ የአባት እህት ቃል አይታጠፍምና ለምን ብሎ የሚጠይቀኝም የለም፤ አንተም ጭምር። በጁላይ ሥራውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነበር የምናዝዘው፤ አሁን ፎቶ ያለበትን ገጽ ለብቻው እየከፈተች፣ አትማ እየዘጋች፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ግድም ፈጀባት። ፕሪንተሩ ሁለት ጊዜ ብቻ ደረቀ። የሌላውን ልጅ ሥራ ሁሉ ያተመችው እሷ ናት። አሥረኛው ሲወጣ መርከቧ ጮኸች።

ቫኢንጋ በሩጫ ወርዶ ካፒቴኑን ለመነው። "ሩብ ሰዓት ብቻ" ቢለው "ሩብ ሰዓቱን ለባሕሩ ንገረው" አለው። ውኃው እየሸሸ ነበር፤ ከሸሸ ደግሞ በኮራል ድንጋዩ መካከል ባለው ጠባብ በር መውጣት የለም። አሥሩን ሥራ በላስቲክ ጠቅልዬ ለካፒቴኑ በእጁ ሰጠሁት። ሐሙስ መድረሳቸውን በሬዲዮ ሰምተናል። ፈተና መሥሪያ ቤቱን ስለ አሥራ አንደኛውም ጠይቄያለሁ። አይሆንም ብለዋል።

መርከቧ ከወጣች በኋላ ቫኢንጋ ሳያስፈቅደኝ አዲሱን ራም ሁለተኛው መሰኪያ ውስጥ ጨመረው። በሁለት ጣት ገባለት። ማሽኑ ተነሣ፤ የድሮውንና የአዲሱን ደምሮ ስክሪኑ ላይ 160 ብሎ ጻፈ። የላቪኒያ ሥራ ሃያ ሁለት ገጽ ነው። በአራት ደቂቃ አወጣው። አሥራ አንዱንም እሱ ላይ ብናትም ኖሮ መርከቧ ሳትነሣ ወደቡ ላይ ተቀምጠን እንጠብቃት ነበር።

ላቪኒያ ገጾቹን በተራ ደረደረች፣ በሳቻቸው፣ በክር አሰረቻቸው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ጉድጓድ ልትለካ ሄደች። ማክሰኞ የመለኪያ ቀኗ ነው።

የላክኸው ራም ይሠራል። እንዲሠራ ጊዜውን ያልሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እንዳላምነው ያደረግኸኝ አንተ ነህ። ይህን ከአንተ ጋር ተከራክሬ የማገኘው ነገር የለም። እሷ በጃንዋሪ ከታናናሾቿ ጋር አንድ ክፍል ትገባለች።

ስለ አንተ ምንም አልተናገረችም። እንድትናገር ማዘዝ እችላለሁ፤ አላዘዝኳትም። ከእንግዲህ "ለላቪኒያ እንዲህ ይበሉልኝ" ብለህ በእኔ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አትጻፍላት። ደብዳቤ ካለህ ለእሷ ጻፍ። ፖስታው ላይ የእሷ ስም ይሁን። መልስ ብትጽፍልህም ባትጽፍልህም እኔ አልገባበትም።

ካሎላይኔ